አዲሱን ፕሮሰሰር የሚያሸንፈው አሮጌው ፕሮግራም ነው

በላስ ቬጋስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ «ቺፕ» ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለው የኮምፒውተር ክፍል አይደለም፤ በካዚኖ ጠረጴዛ ላይ በገንዘብ ፈንታ የሚቀመጠው ባለ ቀለም ክብ ነገር ነው። ያ ቺፕ ባወጣው ካዚኖ ውስጥ የመቶ ዶላር ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ጎዳናውን ተሻግሮ ወደሚቀጥለው ካዚኖ ሲገባ ግን ስኒ ቡና እንኳ አይገዛም። ቺፑ ራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተቀባዩ ነው።

ይህች ከተማ ሌላኛውን ቺፕ፣ ማለትም የኮምፒውተርን ፕሮሰሰር፣ ለዓለም በማስተዋወቅም ረጅም ታሪክ አላት። ኮምዴክስ የተባለው ታላቁ የኮምፒውተር ንግድ ትርኢት እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 2003 በየመጸው ወራቱ እዚህ ይካሄድ ነበር። ሲ ኢ ኤስ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ደግሞ ዛሬም በየጃንዋሪው ከተማዋን ያጥለቀልቃል። እንግዶቹን ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዳራሾቹ ከሚያመላልሱት የታክሲ አሽከርካሪዎች መካከል በርካታ ወገኖቻችን አሉ። በእነዚያ አዳራሾች «የወደፊቱ ኮምፒውተር» ተብለው በጭብጨባ ከተዋወቁት ንድፎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ዛሬ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም።

ስለ እነዚህ ውድቀቶች ሲነገር ሁለት ማብራሪያዎች ይደጋገማሉ። አንዱ «ቺፑ ቀርፋፋ ነበር» ይላል፤ ሌላው «ዋጋው ውድ ነበር» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይዘልሉታል ብዬ አምናለሁ። በእኔ እምነት አንድ ምኞቱ የላቀ ፕሮሰሰር በገበያ የሚወድቀው በአብዛኛው የራሱን ሸክም በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ሲጭን ነው። ኩባንያው ቺፑን ይሠራል፤ ቺፑ ጠቃሚ እንዲሆን የሚያስፈልገውን የዓመታት ድካም ግን ምንም ዕዳ የሌለበት ሌላ ሰው እንዲከፍልለት ይጠብቃል። ለዚህ ከአይቴኒየም የበለጠ ምስክር የለም።

በቅድሚያ አንድ ቃል እናጥራ። የፕሮሰሰር አርክቴክቸር ሲባል ፕሮሰሰሩ የሚረዳው የትእዛዞች ቋንቋ ማለት ነው። ማናቸውም ፕሮግራም፣ የባንክ ሒሳብ ይሁን የሆስፒታል መዝገብ፣ በመጨረሻ ወደዚያ ቋንቋ ተተርጉሞ ይቀመጣል። ተርጓሚው ኮምፓይለር ይባላል። በአንድ አርክቴክቸር ቋንቋ የተቀመጠ ፕሮግራም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ፕሮሰሰር ላይ ቢጫን፣ ግእዝ ለማያውቅ ሰው ድጓ እንደ መስጠት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ዓለም አንድ ግድግዳ እየተቃረበ ነበር። በአብዛኞቹ የግል ኮምፒውተሮች ውስጥ የነበሩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቋንቋ፣ ኤክስ 86 የሚባለው፣ በ32 ቢት የተገደበ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ከ4 ጊጋባይት ያለፈ ሜሞሪ በቀጥታ ሊያዝ አይችልም። ለትላልቅ የመረጃ ቋቶች ይህ ጠባብ ነበር። ሂውሌት ፓካርድ በበኩሉ ከ1989 ጀምሮ ፈጽሞ አዲስ የሆነ የፕሮሰሰር አስተሳሰብ ሲያጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለቱ ኩባንያዎች ተጣምረው የ64 ቢቱን ዘመን ቋንቋ ከመሠረቱ እንደገና ሊጽፉ ተስማሙ። የዚህ ጥምረት ፍሬ በ1999 አይቴኒየም የሚል ስም ወጣለት።

ሐሳቡን ለመረዳት የሰርግ ድግስ እናስብ። ልማዳዊው ፕሮሰሰር በጓዳው መካከል ቆማ እያየች የምታዝ ባለሙያን ይመስላል። ወጡ እስኪበስል ሽንኩርቱ ይከተፍ፣ ውኃው ዘግይቷልና እስከዚያው እንጀራው ይቅረብ እያለች አንዲት ደቂቃ አታባክንም። አይቴኒየም ግን ባለሙያዋ በዋዜማው ተቀምጣ የነገውን ሥራ ሁሉ፣ ማን ከማን ጎን ለጎን ምን እንደሚሠራ፣ በዝርዝር ጽፋ እንድትሄድ ፈለገ። በማግሥቱ በጓዳው ብዙ እጆች ይኖራሉ፤ የሚያስብ ሰው ግን አያስፈልግም፤ ዝርዝሩን መከተል ብቻ ነው። የዋዜማዋ ባለሙያ ኮምፓይለሩ ነው። እርሱ ሦስት ሦስት ትእዛዞችን በአንድ ባለ 128 ቢት ጥቅል እያሰረ፣ የትኞቹ በአንድነት ሊፈጸሙ እንደሚችሉ ምልክት ያደርግባቸዋል። ፕሮሰሰሩ ለማሰብ ይጠቀምበት የነበረው የሲሊከን ስፍራ ነጻ ወጥቶ ለተጨማሪ እጆች ይውላል። ኤክስ 86 በሥራ ላይ ያሉ ቁጥሮችን የሚይዝባቸው ስምንት አጠቃላይ ሬጅስተሮች ብቻ በነበሩበት ጊዜ አይቴኒየም 128 ተሰጡት። በወረቀት ላይ ውብ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ንድፉን የሚያነብ መሐንዲስ ማድነቁ አይቀርም።

ሐሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ አዲስ አልነበረም። የዚህ አስተሳሰብ አባቶች ከሚባሉት መካከል ጆሽ ፊሸር መልቲፍሎው የተባለ፣ ቦብ ራው ደግሞ ሳይድሮም የተባለ ኩባንያ በ1980ዎቹ መሥርተው ነበር። ሁለቱም ኩባንያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጉ፤ ሁለቱም ሰዎች ወደ ሂውሌት ፓካርድ ቤተ ሙከራ ገቡ። በገበያ አንድ ጊዜ የወደቀ ሐሳብ እንደገና መሞከሩ ነውር የለበትም። ግን በትንንሾቹ ኩባንያዎች የወደቀው በገንዘብ እጥረት ብቻ ነው፣ ኢንቴልን የሚያህል ጉልበት ከኋላው ቢቆም ይሳካል የሚለው ግምት በደንብ የተፈተነ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው አይቴኒየም በ1998 እንዲወጣ ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2001 አጋማሽ ወጣ። በዚያን ጊዜ በዋዜማ የተጻፈው ዝርዝር ችግር ተገልጦ ነበር። ለድግሱ የተዘጋጀው እንጨት እርጥብ ሆኖ ቢገኝስ? ባለሙያዋ በስፍራው ብትኖር ኖሮ ሥራውን ወዲያው ታዛውረው ነበር፤ ወረቀቱ ግን መልስ የለውም። በኮምፒውተር ውስጥ እርጥቡ እንጨት ሜሞሪ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ቁጥር ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለው ፈጣን ማኖሪያ ውስጥ ከተገኘ በቅጽበት ይደርሳል፤ ሩቅ ባለው ዋና ሜሞሪ ውስጥ ከሆነ ግን መቶ እጥፍ ያህል ሊዘገይ ይችላል። የትኛው እንደሚሆን ኮምፓይለሩ ከዋዜማው ሊያውቅ አይችልም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በ2008 በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ አይቴኒየም የሚመኛቸው ኮምፓይለሮች በመሠረቱ ሊጻፉ የማይቻሉ ሆነው መገኘታቸውን ተናግረዋል።

ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። እኔ ግን ኮምፓይለሩ ብቻውን ገዳይ ነበር ብዬ አልቀበልም፤ ምክንያቱም አይቴኒየም ያሸነፈበት ስፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 በወጣው የዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ሁለተኛውን ደረጃ የያዘው የናሳው ኮሎምቢያ 10,240 አይቴኒየም 2 ፕሮሰሰሮችን የያዘ ነበር። የሳይንስ ስሌት ሥርዓት አለው፤ ተመሳሳይ ሥራ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማልና በዋዜማ ሊታቀድ ይችላል። ከዚህም በላይ የናሳ ሳይንቲስት የፕሮግራሙ ባለቤት ራሱ ነው። ምንጩ በእጁ ነው፤ አዲስ ኮምፓይለር ሲመጣ እንደገና ይተረጉመዋል፣ ካልፈጠነለት ያስተካክለዋል። ሸክሙን መሸከም የሚችልና የሚፈልግ ሰው ነበር።

አንድን መካከለኛ ባንክ እናስብ። የሒሳብ ፕሮግራሙን ከአንድ ሻጭ ገዝቷል፤ የሪፖርት ማውጫውን ከሌላ፤ የማተሚያውን ማሽን የሚያናግረውን ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ጽፎት ሄዷል። ምንጩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አይቴኒየም የኤክስ 86 ፕሮግራሞችን ማስኬድ እችላለሁ ቢልም፣ የመጀመሪያው ቺፕ ይህን የሚያደርገው ከዘመኑ ተራ ፔንቲየም እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነበር። ስለዚህ ባንኩ ውዱን ሰርቨር ገዝቶ የሚያገኘው ያው ፕሮግራም በዝግታ ሲሄድለት ነው። ፍጥነቱን የሚያገኘው ሦስቱም ሻጮች ፕሮግራማቸውን ለአይቴኒየም ካዘጋጁለት በኋላ ነው። ሻጮቹ ደግሞ «ደንበኛ ሲበዛ እናዘጋጃለን» ይላሉ። ደንበኛው «ፕሮግራም ሲበዛ እንገዛለን» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

ኤ ኤም ዲ ይህንን ክፍተት ያየው ቀደም ብሎ ነበር። ከኢንቴል በብዙ የሚያንሰው ይህ ኩባንያ ግርማ ሞገስ የሌለው ነገር አደረገ፤ አሮጌውን ኤክስ 86 እንዳለ ትቶ 64 ቢት ጨመረበት፣ ሬጅስተሮቹንም ከስምንት ወደ አሥራ ስድስት አሳደገ። ኦፕተሮን የተባለው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2003 ሲወጣ ያ መካከለኛ ባንክ ሰርቨሩን ገዝቶ የቀድሞ ፕሮግራሙን በዚያው ዕለት፣ ያውም በፍጥነት፣ ማስኬድ ይችል ነበር። ወደ 64 ቢት መሻገሩን ሲመቸው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም እያደረገ ይፈጽመዋል። ማንም «መጀመሪያ አንተ» የሚባልበት ክርክር ውስጥ አልገባም።

የዚህ ትግል አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በላስ ቬጋስ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003፣ የመጨረሻው ሆኖ በቀረው የኮምዴክስ ትርኢት፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ ከኤ ኤም ዲ ጋር መተባበሩንና በኦፕተሮን የሚሠሩ ሰርቨሮችን እንደሚሸጥ አስታወቀ። ሰን የራሱ ስፓርክ የተባለ ፕሮሰሰር የነበረውና በእርሱ የሚኮራ ኩባንያ ነበር። እንዲህ ያለ ኩባንያ አሮጌውን ኤክስ 86 በአዲስ ልብስ ሲቀበል ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ግልጽ ሆነ። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2004፣ ኢንቴል ራሱ የተፎካካሪውን ንድፍ ተከትሎ ኤክስ 86 ፕሮሰሰሮቹን ወደ 64 ቢት እንደሚያሳድግ ይፋ አደረገ። ከዚያች ቀን ወዲህ አይቴኒየም የወደፊቱ ቋንቋ መሆኑ ቀረ፤ የጥቂት ደንበኞች ጉዳይ ሆነ።

ከኢንቴል ታሪክ አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1975 አይ ኤ ፒ ኤክስ 432 የተባለ እጅግ ምጡቅ ፕሮሰሰር መንደፍ ጀምሮ ነበር። ሥራው ስለዘገየ ጊዜያዊ ማስታገሻ እንዲሆን በጥድፊያ የተሠራው 8086 ነው፤ እርሱም በ1978 ገበያ ላይ ዋለ። ምጡቁ በ1981 ወጥቶ ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘና ተረሳ። ማስታገሻው የኤክስ 86 ቤተሰብ አባት ሆኖ እስከ ዛሬ ዘሩ ይገዛል። በ1989 የወጣው አይ 860ም እንዲሁ በኮምፓይለር ብልሃት ላይ ተመክቶ በሰፊው ገበያ ሳይሳካለት ቀረ። ስለዚህ ኢንቴል አይቴኒየምን ሲጀምር ትምህርቱ በራሱ ቤት ነበር።

አይቴኒየም ከዚያ በኋላ ረጅም የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ቆየ። በፍርድ ቤት ሰነዶች እንደተገለጠው ሂውሌት ፓካርድ ፕሮሰሰሩ እስከ 2017 ድረስ መሠራቱን እንዲቀጥል ለኢንቴል 690 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተዋውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ኦራክል ለአይቴኒየም ሶፍትዌር ማዘጋጀት አቆማለሁ አለ። ሂውሌት ፓካርድ ከሰሰ፤ በ2012 ዳኛው ኦራክል ውሉን ማክበር አለበት ሲሉ ወሰኑ፤ በ2016 ደግሞ የዳኞች ጉባኤ 3 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ልብ በሉ፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር ፍጥነትም ዋጋም አልነበረም፤ «ሶፍትዌሩን ማን ያዘጋጃል?» የሚል ነበር። ጥያቄው በ1994 ሳይመለስ ታልፎ ከ17 ዓመት በኋላ በችሎት ፊት ቀረበ። የመጨረሻዎቹ አይቴኒየሞች የተላኩት በጁላይ 2021 ነው። በጃንዋሪ 2024 የወጣው የሊኑክስ 6.7 ደግሞ ድጋፉን ከነጭራሹ አወጣው።

እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን አይቴኒየም ራሱ መውደቁ አይደለም፤ ሳይነሳ የገደላቸው ናቸው። በ1990ዎቹ ከዓለም ፈጣን ፕሮሰሰሮች አንዱ የነበረው አልፋ በ2001 ወደ መዝጊያው መንገድ የገባው ባለቤቱ ኮምፓክ ለአይቴኒየም ሲል ስለተወው ነው። የሂውሌት ፓካርድ የራሱ ፒ ኤ ሪስክም በዚሁ ምክንያት ተሰናበተ፤ ሲሊከን ግራፊክስም ሚፕስን ትቶ ወደዚያው ዞረ። አንዳንዶች ይህን አይተው «ኢንቴል ተወዳዳሪዎቹን በማስታወቂያ ብቻ አሸነፈ፤ እንግዲያውስ አይቴኒየም ተሳክቷል» ይላሉ። ነገሩ ዕውነትነት አለው፤ ግን ባዶ የቀረውን ሜዳ የወረሰው አይቴኒየም አልነበረም። የሠሩ ፕሮሰሰሮች ገና ላልሠራ ፕሮሰሰር ሲሉ ተዘጉ፤ በእነርሱ ላይ ፕሮግራም የጻፉ ሰዎችም ሳይወዱ የስደት ጓዛቸውን አነሡ።

ሂውሌት ፓካርድ ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ላስ ቬጋስ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 2014፣ ዲስከቨር በተባለው ዓመታዊ ጉባኤው ላይ የቴክኖሎጂ ኃላፊው ማርቲን ፊንክ «ዘ ማሽን» የተባለውን ፕሮጀክት አስተዋወቁ። ምኞቱ ከአይቴኒየምም ይበልጥ ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኮምፒውተር ሁሉ የተሠራው በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ነው፤ ዘ ማሽን ግን ፕሮሰሰሩን ከመካከል አንሥቶ አንድ ግዙፍ ሜሞሪ በስፍራው ሊያስቀምጥ ፈለገ። ክፍሎቹ በብርሃን ይነጋገራሉ። ሜሞሪው ሜምሪስተር በተባለ፣ መብራት ሲጠፋ በማይረሳ አዲስ ነገር ይሠራል። አዲስ ስርዓተ ክወናም ይጻፍለታል። የንድፈ ሐሳቡን ሜምሪስተር ሊዮን ቹዋ በ1971 ተንብየውት ነበር፤ የሂውሌት ፓካርድ ቤተ ሙከራም በ2008 አገኘሁት ብሎ አሳውቆ ነበር።

ዘንድሮስ እንዴት ሆነ? በሚቀጥለው ዓመት ሜምሪስተሩ እንዳልደረሰ ታወቀና የሙከራው ማሽን በተለመደው ሜሞሪ እንደሚሠራ ተነገረ። ኩባንያው በኖቬምበር 2015 ለሁለት ተከፈለ። በሜይ 2017 የታየው ናሙና በእርግጥ የሚደነቅ ነበር፤ 40 ክፍሎች፣ 160 ቴራባይት በአንድነት የሚታይ ሜሞሪ። ነገር ግን ለሽያጭ የቀረበ ማሽን አልሆነም። እዚህ ላይ ሸክሙ በአራት ወገን ነበር። ሜሞሪው አዲስ፣ መገናኛው አዲስ፣ ስርዓተ ክወናው አዲስ፣ ፕሮግራም አጻጻፉ አዲስ። አንዱ ቢዘገይ ሦስቱ ይቆማሉ። ለምርምር ከሆነ እንዲህ መድፈር ይገባል፤ ሳይንስ ያለ ድፍረት አይራመድም። ስሕተቱ የቤተ ሙከራን ጥያቄ የደንበኞች ጉባኤ መድረክ ላይ እንደ ሸቀጥ ማቅረቡ ነው።

ማይክሮሶፍትም ከዚያ በፊት በ2011ዱ ሲ ኢ ኤስ፣ በዚሁ በላስ ቬጋስ፣ ዊንዶውስ አርም በሚባሉት ፕሮሰሰሮች ላይ እንደሚሠራ አስታውቆ ነበር። ዊንዶውስ አር ቲ በ2012 ሲወጣ ስሙ ዊንዶውስ ሆኖ የሰዎችን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አያስኬድም። በ2013 ኩባንያው 900 ሚሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ። ፕሮሰሰሩ አልተበላሸም ነበር፤ በዚያው ወቅት ያው የአርም ቋንቋ በቢሊዮን በሚቆጠሩ የእጅ ስልኮች ውስጥ እየሠራ ነበር።

«እንግዲያውስ አዲስ አርክቴክቸር ፈጽሞ አያሸንፍም ማለት ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም፤ የስልኩ ምሳሌ ራሱ መልስ ነው። አርም ያሸነፈው አሮጌ ፕሮግራም ባልሰፈረበት ባዶ መሬት ላይ ነው። በ1990ዎቹ የእጅ ስልክ ላይ የባንክ ሒሳብ ይዞ የሚጠብቅ ማንም አልነበረም። አፕል ደግሞ በኖቬምበር 2020 ኮምፒውተሮቹን ከኢንቴል ወደ ራሱ ኤም 1 ሲያዛውር ሸክሙን ራሱ ተሸከመው። ሮዜታ 2 የተባለውን ተርጓሚ አዘጋጅቶ የትናንቱ ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ ተጠቃሚው ሳያውቅ እንዲሄድ አደረገ። ፕሮሰሰሩም፣ ስርዓተ ክወናውም፣ ኮምፓይለሩም የእርሱ ነበሩና «መጀመሪያ አንተ» የሚለው ክርክር በአንድ ቤት ውስጥ አለቀ።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ ጸሐፊ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግእዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ ባለሙያዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ያለ እነርሱ ጋዜጣም መጽሐፍም ባልታተመ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው። በአንድ ፎንት 256 ስፍራ ብቻ ስለነበር ፊደሎቻችን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አንዳንዱም በሁለት ፎንት ተከፍለው ሰፈሩ። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ልክ እንደ ካዚኖው ቺፕ፣ ጎዳናውን ሲሻገር ዋጋ ያጣል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ችግሩ በመርሕ ደረጃ ተፈታ። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የማተሚያ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በአሮጌዎቹ ፎንቶች መጻፋቸውን ቀጠሉ። ይህን ስንፍና ብለው የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ አልወቅስም። የሃያ ዓመት መዝገባቸው በዚያ ተጽፏል፤ ማን ይለውጥላቸው?

በነገራችን ላይ ዩኒኮድ ራሱ ዓለምን የወረሰው በኤ ኤም ዲ መንገድ ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ዩ ቲ ኤፍ 8 የተባለው አጻጻፍ ነባሩን የላቲን ኮድ 128 ምልክቶች አንዲት ቢት ሳይነካ ተዋቸው፤ አዲሶቹን ፊደላት፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ከእነርሱ በኋላ አስቀመጠ። የቀድሞው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁሉ ምንም ሳይለወጥ ትክክለኛ ዩ ቲ ኤፍ 8 ሆኖ ተገኘ። ማንም መጽሐፉን እንደገና እንዲጽፍ አልተጠየቀም። ይህን ጽሑፍ በስልክዎ ላይ የሚያነቡት በዚያ ትሕትና ምክንያት ነው።

ዛሬ የላስ ቬጋስ መድረክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፖች ነው። በጃንዋሪ 2025 በተካሄደው ሲ ኢ ኤስ የመክፈቻውን ንግግር ያደረጉት የኤንቪዲያው ጄንሰን ኋንግ ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቺፖቹ ፍጥነት ነው። ኩባንያው ግን ከ2007 ጀምሮ ኩዳ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ለተማሪውም ለተመራማሪውም ሲያቀርብ ኖሯል። ያ የተከማቸ ፕሮግራም ዛሬ ለተፎካካሪዎቹ ልክ ኤክስ 86 ለአይቴኒየም እንደሆነው ግድግዳ ነው። በንድፍ ከኤንቪዲያ የሚበልጡ ቺፖችን የሚሠሩ ወጣት ኩባንያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም የዋዜማውን ዝርዝር አስተሳሰብ እንደገና አንሥተውታል። ምናልባት በዚህኛው መስክ ይቀናቸው ይሆናል፤ የእነዚህ ፕሮግራሞች ስሌት እንደ ናሳው ሥራ የተደጋገመና አስቀድሞ የሚታወቅ ነውና። ይህ እርጥቡን እንጨት ያደርቅላቸው ይሆናል። ባንኩን ግን አያሳምንላቸውም።

ሪስክ ፋይቭ የተባለውን፣ ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችለውን ክፍት አርክቴክቸር በተመለከተም ብዙ ወጣት መሐንዲሶቻችን ተስፋ ያደርጋሉ። ተስፋቸውን እጋራለሁ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በ2010 የተጀመረው ይህ ንድፍ ቀድሞ የገባው ተጠቃሚው ስሙን እንኳ በማያውቅባቸው ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ነው፤ እዚያ አሮጌ ፕሮግራም አይጠይቅም። ወደ ዴስክቶፕና ወደ ሰርቨር ሲመጣ ግን ያው የቆየ ጥያቄ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በሚቀጥለው ጃንዋሪ አንድ አዲስ ቺፕ በላስ ቬጋስ መብራት ሥር ከፍ ተደርጎ ሲታይ፣ የማየው በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የፍጥነት ግራፍ አይሆንም። ተናጋሪው ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ፣ ደራሲው የተረሳ፣ ማንም ያላስተካከለው ፕሮግራም አምጥቶ በዚያ ቺፕ ላይ ያስኬደው እንደሆነ ነው።